«ደክሞኛል» ያለችኝ እህት

ተቀመጡ። ከሌሊት ሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ፤ የሥራ ልብሳችሁን እንኳ ሳትቀይሩ ከኋላ ወንበር ላይ ናችሁ። ዛሬ ብታንቀላፉ አልቆጣም። ቃሉ ስለ እናንተ ነው።

የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5ን ክፈቱ፣ ከቁጥር 21 ጀምሮ። የኢያኢሮስ ልጅና ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት ታሪክ ነው። ታውቁታላችሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምታችሁታል። ቤት ስትገቡ ሙሉውን አንብቡት፤ እኔ አሁን በራሴ አባባል ነው የምሄድበት።

ወደ ቃሉ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ንስሐ አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እህታችን ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ጠብቃኝ «ፓስተር፣ ደክሞኛል» አለችኝ። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምናገረው፤ እናንተም ማን ናት ብላችሁ ዙሪያችሁን አትዩ። «ደክሞኛል» ስትል እኔ ምን ሰማሁ? «በመንፈስ ደክሜአለሁ» ያለችኝ መሰለኝ። ጸሎት የቀነሰች፣ ቃል የማታነብ፣ ዓለም የሳባት። ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ «ሦስት ቀን ጾመሽ በጌታ ፊት ውደቂ፤ ጉልበትሽ ይታደሳል» አልኳት። ታዛዥ ናት፤ ጾመች። በሦስተኛው ቀን ሆም ኬር በምትሠራበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ መነሳት አቃታት። 911 የደወሉላት እሷ የምትጦራቸው፣ ያለ ምርኩዝ የማይራመዱት አዛውንት ናቸው። እኔ እረኛዋ ያልሰማሁትን እሳቸው ሰሙ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሷ ይቅር ብላኛለች።

ችግሩ ከየት መጣ ብዬ ሳስብ፣ አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ነው። አማርኛችን «ድካም» በሚል አንድ ቃል ስንት ነገር ይሸከማል! ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጌታ የሆነ ድካማችሁ ከንቱ አይደለም ሲል ሥራን ማለቱ ነው። በሁለተኛው መልእክቱ ምዕራፍ 12 ላይ ስለ ድካሙ ሲናገር የሥጋ መውጊያውን፣ አቅም ማጣቱን ማለቱ ነው። እኛ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ «እገሌ ደክሟል» ስንል ወደ ኋላ ተመልሷል ማለታችን ነው። ሦስት ነገር፣ አንድ ቃል። ስለዚህ የታመመ ሰው መጥቶ በሁለተኛው ትርጉም ሲነግረን፣ በሦስተኛው ሰምተን እንገሥጸዋለን።

አሁን ወደ ሴቲቱ እንሂድ። አሥራ ሁለት ዓመት። የኢያኢሮስ ልጅ ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው፤ ያቺ ልጅ በተወለደችበት ዓመት ይህች ሴት መድማት ጀመረች ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የሚፈስሳት ሴት ምን ትሆናለች? ነርሶች አላችሁ፤ እናንተ ንገሩን። ደም ማነስ። ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታባት፣ እንስራ አንስታ መንገድ ላይ የምታሳርፍ፣ ጠዋት ስትነሳ እንዳልተኛች የምትሆን ሴት ናት። ስብከታችን ሁሉ ስለ ደሙ ነው፤ ስለ ድካሟ ሰብከን አናውቅም። በዚያ ላይ በዘሌዋውያን 15 ሕግ መሠረት የተቀመጠችበት ሁሉ ርኩስ ነው። ሰው ቤት ገብታ «አረፍ ልበል» ማለት እንኳ አትችልም።

ሐኪም ዘንድ ሄዳለች። ማርቆስ በግልጽ ይናገረዋል፤ ብዙ ባለ መድኃኒቶች ዘንድ ተመላልሳለች፣ ገንዘቧን ጨርሳለች፣ ብሶባታል። የሚገርመው፣ ሉቃስ ያንኑ ታሪክ በምዕራፍ 8 ሲጽፍ ማንም ሊፈውሳት አልቻለም ይላል እንጂ ባሰባት አይልም። ሉቃስ ሐኪም ነውና የሙያ ወንድሞቹን ትንሽ ሸፈን ያደረጋቸው ይመስለኛል! ይሁን። ግን ማርቆስም ሆነ ሉቃስ «ለምን ሐኪም ዘንድ ሄደች?» ብለው አይወቅሷትም። ጌታም አልወቀሳትም። «አሥራ ሁለት ዓመት የት ነበርሽ? ሰው ታምነሽ እኔን ትተሽ» አላላትም።

አንዳንድ ወገኖች ወዲያው አሳን ይጠቅሱልኛል። ሁለተኛ ዜና 16። ንጉሡ አሳ እግሩን ታምሞ ባለ መድኃኒቶችን ፈለገ እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም የሚለውን። እውነት ነው፤ ተጽፏል። ግን ምዕራፉን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። አሳ አስቀድሞ በጦርነት ጊዜ የሶርያን ንጉሥ ታመነ፤ የገሠጸውን ነቢይ አሰረ። የአሳ ኃጢአት ሐኪም ቤት መሄዱ አይደለም፤ እግዚአብሔርን ከሕይወቱ ማውጣቱ ነው። ሕዝቅያስን ተመልከቱ። ጸለየ፣ አለቀሰ፣ ጌታ ሰማው፣ አሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት። ከዚያ ያው ነቢይ ኢሳይያስ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እባጩ ላይ አድርጉበት አለ። ትንቢቱም መድኃኒቱም ከአንድ አፍ ነው የወጡት።

ወንጌልስ ወደ አገራችን እንዴት ገባ? እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ወለጋ፣ ሳዮ የገባው ቶማስ ላምቢ ሐኪም ነበር። በኋላም የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን ወደ ደቡብ ሲገባ ከፊት ከመሩት አንዱ እሱ ነው። አባቶቻችን ቃሉን የሰሙት ቁስላቸው እየታጠበ ነው። የእነሱ ልጆች ሎስ አንጀለስ መጥተን ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት ጉድለት ነው ስንል ያሳዝናል።

ወደ እህታችን ልመለስ። ድንገተኛ ክፍል ወሰዷት፤ ደሟን መረመሩ፣ ልቧን አዩ። «ሁሉም ደህና ነው» ብለው ላኳት። እኛ ደግሞ ምን አደረግን? «ተመስገን! ምንም የለብሽም!» ብለን አጨበጨብን። እሷ አለቀሰች። የደስታ እንባ መሰለን። በኋላ ስትነግረኝ «ፓስተር፣ ያን ቀን ካንሰር ነው ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ታምመሻል የሚለኝ ሰው አገኝ ነበር» አለችኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ምንም አልተገኘም» እና «ምንም የለም» አንድ አይደሉም።

ሁለተኛ ሐኪም፣ ሦስተኛ ሐኪም ሄደች። አንዱ ጭንቀት ነው አላት። አንዱ ክብደት ቀንሺ አላት። ከዚህ ከፌርፋክስ ተነስታ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ለቀጠሮ ትሄዳለች፤ ከቀጠሮው ስትመለስ ሁለት ቀን ትተኛለች። ልብ በሉ፤ የሠራችው ሥራ የለም፣ ቀጠሮ ሄዳ መመለሷ ብቻ ነው።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ ትንሽ ማንበብ ጀመርኩ፤ ነርሶቻችንንም ጠየቅሁ። የማያቋርጥ ድካም ብዙ አባት አለው። የብረት ማነስ አለ፤ በተለይ የወር አበባቸው የሚበዛ ወይም የማሕፀን እጢ ያለባቸው እህቶች። የታይሮይድ ዕጢ መዳከም አለ፣ ስኳር አለ፣ የጉበት ቫይረስ አለ፤ ይህ የመጨረሻው በአገራችን ብዙ ስለሆነ ተመርመሩ፣ አትፈሩ። ጥቁር ቆዳ ያለን ሰዎች ቀን ተኝተን ሌሊት ስንሠራ ቫይታሚን ዲ ያንሰናል። ድብርትም ሕመም ነው፤ ኃጢአት አይደለም። አንድ ኡበር የሚሠራ ወንድማችን ደግሞ ቀይ መብራት ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ሚስቱ «እንደ ትራክተር ያንኮራፋል፣ አንዳንዴም ትንፋሹ ይቆማል» ትል ነበር፣ እኛ እንስቃለን። ለካስ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹ እየተቋረጠ ነው። የእንቅልፍ ምርመራ አደረገ፣ ማሽን ሰጡት፣ ዛሬ መዘምራን ውስጥ ነው። የጌታ ስም ይባረክ።

የእህታችን ግን እንደዚያ አልቀለለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ሐኪም አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ሰማቻትና ስም ሰጠችው፤ ሐኪሞች ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም፣ በአጭሩ ደግሞ ኤም ኢ የሚሉት ነው። ከስድስት ወር በላይ የሚቆይ፣ እንቅልፍ የማያድሰው፣ ትንሽ ከሠሩ በኋላ በማግስቱ የሚጥል ድካም። እስካሁን አረጋግጦ የሚያሳይ አንድ የደም ምርመራ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ባወጣው ሪፖርት፣ በዚህ አገር ከ836,000 እስከ 2.5 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ገምቷል፤ አብዛኞቹም ሐኪም አላወቀላቸውም። ከኮቪድ በኋላም ብዙ ሰው ተመሳሳይ ነገር እየደረሰበት ነው። የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። አቅምን ቆጥቦ፣ እንደ ደመወዝ አብቃቅቶ መኖር ነው የመከሯት።

እና አልተፈወሰችም። እዚህ ጋ «አሜን» አትበሉ፤ ዝም በሉ። ጸልየናል፣ ዘይት ቀብተናል፣ እንጸልያለንም፤ ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፣ በዓይኔም አይቻለሁ። ግን ጳውሎስ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተወው። የጳውሎስ እጅ አልነበረችም እንዴ? ለጢሞቴዎስም ስለ ሆዱና ስለ ደጋገመው ሕመሙ ሲጽፍ የመከረው የሚጠጣውን ነው፤ እምነትህ አነሰ አላለውም።

ጌታ ያችን ሴት ምን አደረገላት? ደሙስ ወዲያው ቆሟል። እሷም የፈለገችውን አግኝታ በሕዝቡ መካከል ልትጠፋ ነበር። እሱ ግን ቆመ። ኢያኢሮስ አጠገቡ እየተቁነጠነጠ ነው፤ ልጁ ልትሞት ነው፤ ደቀ መዛሙርቱ ሕዝቡ ሲጋፋህ እያየህ ማን ነካኝ ትላለህ ይሉታል። እሱ ቆሞ ይጠብቃል። እሷም እየፈራች መጥታ እውነቱን ሁሉ ነገረችው ይላል። ሁሉን! አሥራ ሁለት ዓመት በደቂቃ አያልቅም። ሐኪሞቹን፣ ገንዘቡን፣ የተሸሸገችበትን ቤት፣ ሁሉን። ጌታ ሰምቶ እስክትጨርስ አላቋረጣትም፤ ከዚያ «ልጄ» ብሎ ጠራት። በወንጌሎች ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠራት ሴት እሷ ናት።

እኔ በር ላይ የሰጠኋት አንድ ደቂቃ አትሞላም።

ስለዚህ ተግባራዊ ነገር ልናገር፤ ሰዓቴም እያለቀ ነው። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ «እንዴት ነህ?» ሲላችሁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አትበሉ! ሳቁ፤ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን። ሐኪሙ «ሕመምተኛው ደህና ነኝ ብሏል» ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። «ደክሞኛል» ብቻም አትበሉ፤ እዚህ አገር ሁሉም ሰው ደክሞታል። የሚያቅታችሁን ነገር ንገሩት፦ «አምና ሦስት ፎቅ እወጣ ነበር፣ ዘንድሮ አንደኛው ላይ እቀመጣለሁ። ልብስ አጥቤ በማግስቱ አልነሳም።» ቤት ሆናችሁ ጻፉት። የምትወስዱትን መድኃኒት፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ሂዱ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ነው፤ አማርኛ ጠይቁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናቱ ስለ ማሕፀኗ ስትናገር ልጅ ምን ብሎ ይተረጉማል?

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህን ታድርግ። ለቀጠሮ የሚያደርስ መኪና ያላችሁ ዛሬ ስማችሁን ለዲያቆናቱ ስጡ። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት መንገላታት ይብቃ። ነርሶቻችን ከአምልኮ በኋላ ቡና በሚፈላበት ክፍል ይቀመጣሉ፤ የምርመራ ወረቀት ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያነቡላችኋል። የሐኪም ቦታ ለመውሰድ አይደለም፤ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ይነግሯችኋል። ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ፣ ክርስትና አልመጣችም ብላችሁ የምታሟትንም እህት ተዉ። እሷ ጋ ሂዱ። ስትሄዱም ብዙ አትቀመጡ፤ ቡና አፍልታ ልታስተናግዳችሁ ትነሳለች፣ በማግስቱ ትወድቃለች። ምግብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳህኑን አጥባችሁ ውጡ።

ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞቴን ስጠኝ ሲል መልአኩ አልሰበከለትም። ዳቦ ጋገረለት፣ ውኃ አስቀመጠለት፣ ተመልሶ እንዲተኛ ተወው። ከዚያ ደግሞ መጣ። ኢያኢሮስ ቤትም ልጅቱ ከሞት ስትነሳ፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ ሲገረም፣ ጌታ የምትበላው ስጧት አለ።

እንጸልይ። የምትችሉ ቁሙ። መቆም ያቃታችሁ ተቀምጣችሁ ጸልዩ፤ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም ሰው በአምልኮ ለምን አልቆምክም ተብሎ አይጠየቅም።

አባት ሆይ፣ የሰውነታችንን ፍጥረት አንተ ታውቃለህ። ስም ያልወጣለት ሕመም ያለባቸውን ልጆችህን በስማቸው ታውቃቸዋለህ። ፈውሳቸው፤ እንለምንሃለን። ቀጠሮ ለሚጠብቁት የሚሰማ ሐኪም አዘጋጅላቸው። ዛሬ ማታ ሺፍት የሚገቡትን በመንገድ ጠብቃቸው። እኔንም ከበር ላይ አንድ ደቂቃዬ ይቅር በለኝ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።