ያረጀው ዕቃው ነው ወይስ ዓይናችን?

የሰው ልጅ ዕቃን ለጥቅሙ ይሠራል፤ ከሠራው በኋላ ግን ብዙ ጊዜ ለዕቃው ተገዢ ሆኖ ይገኛል። ትናንት በደስታ የተቀበለውን መሣሪያ ዛሬ ሲንቀው፣ ዛሬ የሚመኘውንም ነገ ሲጥለው ይታያል። ይህ ጠባይ በልብስና በቤት ዕቃ ረገድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ በዘመናችን እንደ ኮምፒዩተር ጎልቶ የሚታይበት ነገር ያለ አይመስለንም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ አንድ ዕቃ አረጀ የሚባለው መቼ ነው? ያረጀውንስ ይዞ መኖር ቁጥብነት ነውን፣ ወይስ ስንፍና?

ነገሩ እንዲገለጥልን በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላ ሠፈር የሚኖር አንድ ቁጥብ መምህር በሐሳባችን እንሣል። ይህ ሰው ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት የተሠራ ላፕቶፕ አለው። ሌላ ሰው ሲገለገልበት የቆየውን በርካሽ ገዛው፤ ከፍቶ አቧራውን አራገፈ፤ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ አውጥቶ በምትኩ ኤስ.ኤስ.ዲ. አገባበት፤ ከተሰበረ ላፕቶፕ የተረፈ ራም ጨመረበት፤ በመጨረሻም ያለ ዋጋ የሚገኘውን ሊኑክስን ጫነበት። አሁን በዚሁ መሣሪያ የፈተና ጥያቄ ያዘጋጃል፣ የተማሪዎቹን ውጤት ይደምራል፣ ደብዳቤውን ይጽፋል። «አዲስ ለምን አትገዛም?» ብለው ጓደኞቹ ቢጠይቁት ሦስት ነገር ይመልሳል። አንደኛ፣ «የከበደው ሶፍትዌሩ ነው እንጂ መሣሪያው አልደከመም» ይላል። ሁለተኛ፣ «ከፍቼ የማልጠግነው ዕቃ የእኔ አይደለም» ይላል። ሦስተኛ፣ «ለሥራዬ የሚያስፈልገኝ ይኸው ነው፤ በቅቶኛል» ይላል። እነዚህን ሦስት ቃላት በየተራ እንመዝናቸው።

የመጀመሪያው ቃል ማስረጃ አያጣም። በእርግጥ ኮምፒዩተር የሚያረጅበት ክፍል አለው፤ ማራገቢያው በአቧራ ይታፈናል፣ ባትሪው ይደክማል፣ የሚሽከረከረው ዲስክ ይበላሻል፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ይደርቃል። ስሌት የሚሠራው ፕሮሰሰር ግን ሙቀቱ ከተጠበቀለት፣ በተሠራበት ቀን ይደምር በነበረው ፍጥነት ዛሬም ይደምራል። ታዲያ ሥራውን ያዘገመው ምንድን ነው? በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 95 ቢያንስ የሚጠይቀው ራም 4 ሜጋባይት ነበር፤ በ2021 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ይጠይቃል። ይህም በ26 ዓመት ውስጥ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። አዲሱ አሮጌው የማያውቀውን ብዙ ሥራ እንደሚሠራ አንክድም፤ ሥዕሉ ጠርቷል፣ ጥበቃው ጠንክሯል፣ የብዙ ሕዝቦች ፊደል ገብቶበታል። ነገር ግን ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ደብዳቤው ሺህ እጥፍ አላማረለትም። ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው የስዊስ ሊቅ ኒክላውስ ቪርት በዚያው በ1995 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ፣ የመሣሪያው መፍጠን የሶፍትዌሩን መዘግየት ሊቀድመው እንዳልቻለ አስገንዝቦ ነበር። ገበሬ በሬዎቹን በጠነከሩ በሬዎች ቢለውጥ፣ ቀንበሩንም በዚያው ልክ ቢያከብደው፣ የሚታረሰው ማሳ ያው የቀድሞው ይሆናል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ተራራ ላይ የሚኖሩት ዶርዜዎች ስለዚህ ነገር በቤታቸው ያስተምሩናል። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ቅጠል የሚከደን፣ ፊቱም የዝሆንን ፊት የሚመስል ረጅም ቤት ነው። ምስጥ ሥሩን መብላቱ አይቀርም። ባለቤቱ ግን ሥሩ ተበላ ብሎ ቤቱን አያፈርስም፤ የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፣ ቤቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ስፍራ መለወጥ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ይወስዱታል። እንዲህ እየሆነ ቤቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያገለግላል። በዚህ ውስጥ ያለው ጥበብ የተበላውን ካልተበላው መለየት ነው። እኛ ግን አንዲት ባትሪ ስለ ደከመች ቤቱን በሙሉ ስናፈርስ እንገኛለን።

ወደ ሁለተኛው ቃል እንለፍ። የጋሞ ሸማኔ ድሩ ቢበጠስ ይቀጥላል፣ መወርወሪያው ቢሰበር ይለውጣል፤ ስለዚህም የዕቃው ጌታ ነው። በዛሬዎቹ ብዙ ላፕቶፖች ግን ራሙ ከዋናው ሰሌዳ ጋር ተበይዶ፣ ባትሪው በማጣበቂያ ተይዞ ስለሚሸጥ ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሳለ ሙሉ ጌትነት አይቀበልም። በዚህ ረገድ መምህሩ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ቃሉን እንደ ተናገረው ብንቀበለው፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሁሉ የገዛ አካሉ ባለቤት አይደለም ወደ ማለት ያደርሰናል። ስለዚህ ጥቂት እናስተካክለው። አንድ ዕቃ በእውነት የእኛ የሚሆነው፣ እኛ ባንችል እንኳ ከመካከላችን የሚጠግነው ሰው ሲኖር ነው። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፍቶባት፣ ይኸውም በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጎላት፣ ዛሬ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚሰጥባት ከተማ ናት። በዚያ ለሚማር ወጣት የተጣለ ኮምፒዩተር ንቆ የሚያልፈው ቁራጭ ብረት ሊሆን አይገባም፤ እንዳይበላሽ ሳይፈራ ከፍቶ የሚያነበው መጽሐፍ ነው።

ከባዱ ሦስተኛው ቃል ነው። «በቅቶኛል» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚበቃው ለማን ነው? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በ2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውንም በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የጥበቃ እድሳት የተቋረጠበት ሶፍትዌር ከዚያ በኋላ የሚገኝበት ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። አንድ ሰው የራሱን ደብዳቤ በዚህ ቢጽፍ ጉዳቱ የራሱ ነው። የመሬት መዝገብ፣ የሕመምተኛ ካርድ ወይም የተማሪ ውጤት የያዘ መሥሪያ ቤት ግን በእንዲህ ያለ ሶፍትዌር ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ ቢሠራ፣ የሚቆጥበው የራሱን ገንዘብ ሲሆን በአደጋ ላይ የሚጥለው የሕዝብን አደራ ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው። ቁጥብነት በራስ ላይ ሲሆን ምግባር ነው፤ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዲከፍል ሲደረግ ግን ምግባር መሆኑ ይቀራል።

በአገራችን ፊደል የደረሰውም ይህንኑ ያስረዳል። ግዕዝ ፊደል የዓለም ሁሉ መለያ ቁጥር በተሰጠበት በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆች 1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ፊደሉን በየራሳቸው ቁጥር ያስቀምጡት ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። እንግዲህ «የለመድሁት ይበቃኛል» ብሎ ጽሑፉን በአሮጌው ቁጥር የሚያከማች ጸሐፊ ለጊዜው ሥራው አይጓደልበትም፤ የሚጓደልበት ከእርሱ በኋላ መዝገቡን የሚከፍተው ሰው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው እንዳንሆን አሮጌውን እንያዝ ስንል፣ የብብታችንን አጥብቀን ይዘን መውጫው እንዳይዘጋብንም እንጠንቀቅ።

ታዲያ መምህሩ ተረታን? አልተረታም። እርሱ ያቆየው አሮጌ አካል ነው፤ በውስጡ ያኖረው ግን እድሳቱ ያልተቋረጠ ሶፍትዌር ነው። በፈረንጆች 1991 ዓ.ም. ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስ ዛሬም በብዙ ሰዎች ሥራ ይታደሳል፤ ቀለል ተደርገው የተዘጋጁት ዓይነቶቹም ሌላው ሶፍትዌር የናቃቸውን መሣሪያዎች ያሠራሉ። ዶርዜው የተበላውን ቆርጦ ያልተበላውን እንዳቆየ፣ መምህሩም አደጋ ያለበትን አስወግዶ ጤነኛውን አቆየ።

ሌላም ልንዘነጋው የማይገባ ነገር አለ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ዘገባ መሠረት በፈረንጆች 2022 ዓ.ም. በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተጥሏል፤ ከዚህም በሥርዓት ተሰብስቦ እንደገና ለጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው የሚወድቅበት መሬትና የሚቃጠልበት አየር የአንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው ብዙውን ጊዜ ድኃ ነው። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒዩተር ለትምህርት ቤት በስጦታ ሲቀርብ ሰጪው ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይህን ለገዛ ልጄ እሰጠዋለሁን? አዎን ካለ ጠግኖና አድሶ ይስጥ፤ አይደለም ካለ ግን ስጦታ ብሎ የሚሸኘው ቆሻሻውን ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ እንዲህ ያለ ነው። የዕቃን ዕድሜ ሻጩ ባወጣው ቀን መለካት አይገባም፤ የሚለካው በሚሰጠው አገልግሎትና ለሌሎች በሚያተርፈው ጉዳት ወይም ደኅንነት ነው። ስንፍናና ቁጥብነት ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አሮጌ ዕቃ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን ሰነፉ የያዘውን አያውቀውም፣ ቁጥቡ ከፍቶ አውቆታል። እንግዲህ ኃላፊው የግዢ ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት መጋዘኑን ያስከፍት፤ መምህሩ የተቀመጡትን ኮምፒዩተሮች ከተማሪዎቹ ጋር ይፈትሽ፤ ተማሪውም አዲስ ካላገኘሁ አልማርም አይበል። አዲሱ መገዛት በሚገባው ጊዜ ይገዛ፤ የሚገዛውም ያለንን መርምረን ጉድለቱን ስናውቅ ይሁን።