የደበቅነው ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እዚህ አሜሪካ የምንኖር ወጣቶች ከዩኒቨርሲቲ ስንወጣ ብዙዎቻችን ሁለት ነገር ይዘን እንወጣለን። አንደኛው ዲፕሎማችን ነው፤ እርሱን ወላጆቻችን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ይሰቅሉታል። ሁለተኛው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ነው፤ እርሱን ግን ማንም እንዳያይብን እንሸሽገዋለን።

ዕዳው እንዴት እንደ መጣ እናውቃለን። በመጽሐፍና በምግብ ተጀመረ። ቀጥሎ ጓደኞቻችን የለበሱትን ለመልበስ ተመኘን። አገር ቤት ዘመድ ታመመ በተባለ ጊዜም «አሁን የለኝም» ማለት አፍረን በካርዱ ጥሬ ገንዘብ አውጥተን ላክን። እንዲህ የወጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ወለዱ ከዚያው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር አላስተዋልንም።

እስቲ አብረን እናስላ። የ3,000 ዶላር ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ቢታሰብበት የአንድ ወር ወለዱ 60 ዶላር ያህል ነው። ዝቅተኛው ክፍያ 90 ዶላር ቢሆንና እርሱን ብቻ ብንከፍል፣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 30 ዶላር ብቻ ነው። አዲስ ነገር ሳንገዛበት በየወሩ 150 ዶላር ብንከፍል ግን በ26 ወር፣ 300 ዶላር ብንከፍል ደግሞ በ12 ወር ያልቃል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት በየወሩ መግለጫ ላይ ይጻፋል። ተጽፎልን ሳለ የማናነበው ስለምንፈራ ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 አበዳሪዋ ሁለት ልጆቿን ለባርነት ሊወስድባት የመጣ አንዲት መበለት እናገኛለን። ይህች ሴት አስቀድማ ያደረገችው ምን ነበር? ችግሯን ለነቢዩ ለኤልሳዕ ገልጣ ነገረችው። እርሱም በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት። የነበራት ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር፤ ያንኑ ሳትንቅ ተናገረች። ባዶ ዕቃም ከጎረቤቶቿ ተዋሰች። እንግዲህ ተአምሩ የተደረገው ጉድለቷን ካልደበቀች፣ ያላትንም ካልናቀች ሴት ቤት ነው።

እኛም ባለፈው ዐቢይ ጾም ከጉባኤ በኋላ ሦስት ሆነን ቀርተን፣ እያንዳንዳችን ያለብንን ዕዳ በወረቀት ላይ ጻፍን። ቁጥሩን በእጃችን መጻፍ ከመክፈሉ ይልቅ ከበደን። አንዱ ወንድማችን ያን ወረቀት ይዞ ወደ እናቱ ሄደ። ቁጣ ሲጠብቅ፣ እናቱ ለምርቃቱ ድግስ የተበደሩበትን የራሳቸውን የካርድ ሒሳብ አውጥተው አሳዩት። እርሱ እናቱን እንዳያሳዝን፣ እናቱም ደስታውን እንዳያበላሹበት፣ በአንድ ቤት እየኖሩ ሲደባበቁ ከርመዋል። አሁን ሁለቱን ዕዳ አንድ ላይ አድርገው ወለዱ ከፍ ያለውን አስቀድመው እየከፈሉ ነው። ገና አልጨረሱም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ቁጥሩን እንጻፍ። ለምናምነው አንድ ሰው፣ ለወላጅ ወይም ለንስሐ አባታችን እንንገር። ካርዱን ከኪሳችን እናውጣ። በየወሩ የምንከፍለውን ቆርጠን፣ ደመወዝ በገባ ዕለት ከሌላው ወጪ በፊት እንክፈል። አገር ቤት ላለውም ዘመድ የምንችለውን ያህል ብቻ እንላክ፤ የሌለንን «የለንም» ማለት ንፉግነት አይደለም፣ እውነት መናገር ነው።

ያች መበለት ዘይቱን ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን ከፈለች፤ ከዚያ በተረፈው ከልጆቿ ጋር ኖረች። እኛንም በዚሁ ቅደም ተከተል እንድንኖር የመበለቲቱ አምላክ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።