አዋሽን እወዳለሁ ስል

ያደግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። አገሬን እወዳለሁ ማለት ከብዶኝ አያውቅም ነበር፤ «ምኑን?» ብዬ ራሴን እስክጠይቅ ድረስ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ባቡሩ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከተማችንም የበቀለችው በጣቢያው ዙሪያ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው ሲያፏጭ እየተሯሯጥን እንወጣ ነበር። እንግዲያው የምወደው ልጅነቴን ይሆን? እንዲያ ቢሆን አሮጌው ባቡር ሲቆም ፍቅሩም አብሮ በቆመ ነበር። አልቆመም። ዛሬም ከአዲስ አበባ ስወርድ የፈንታሌ ተራራ ብቅ ሲል ሆዴ ይባባል።

ወይስ መጽሐፍ ያስተማረኝ ነው? ማንኩሳን በእግሬ አልረገጥኳትም፤ ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የተነሣ ትናፍቀኛለች። ደራሲ ያላዩትን አገር ያስናፍቃል ማለት ነው። ባነበብኳቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ውስጥ ቆላው ግን ብዙውን ጊዜ መንገድ ነው፤ ያልፉበታል፣ ይታመሙበታል፣ ይሸሹበታል። እኔም የገዛ ቀዬዬን የማይበት ዓይን የደጋ ሰው ዓይን ሆኖ አገኘሁት፦ ሙቀት፣ አቧራ፣ እሾህ። ይህ ያሳዝነኛል። ማደሪያ የለውም የሚባለው ዓባይ ስንት ተዘፈነለት! አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ባሕር ሳይነካ አቤ ሐይቅ ላይ ያድራል።

የአፋር አርብቶ አደር ደግሞ ቤቱን በግመል ጭኖ ይሄዳል። አንድ ስፍራ የማይቆይ ሰው ስፍራ ይወዳል? ተጠራጥሬ ነበር። ዳጉ የሚሉትን የወሬ ልውውጣቸውን ሳስብ ጥርጣሬዬ ላላ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣሩ፣ ውሃው፣ ሰላሙ እንዴት እንደሆነ ይጠያየቃሉ። «ይህማ ፍቅር ሳይሆን ኑሮ ያመጣው ነው፤ ከብቱ ባይራብ ማን ይጠይቃል?» የሚል ሐሳብ ተከተለኝ። ቢሆንስ? የእናትን «በላህ ወይ?» ከፍቅሯ የሚለይ ማን ነው?

ባለፈው ክረምት ከመተሐራ ስመለስ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን አቁመው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ከየት ነው ልጄ? መንገዱ ሰላም ነው? ፈንታሌ ሥር ጥሏል?»

በዚያው ሥር ነበር ያለፍኩት። ተራራውን አይቼ እንደ ወትሮው ሆዴ ባብቶ ነበር። መሬቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ ግን አላየሁም።