የቴፑን ጀርባ እዩ

ልጆቼ፣ ሽማግሌ ስለ ዕርቅና ስለ ጋብቻ ይመክራል እንጂ ስለ መኪና ቴፕ ምን አገባው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደ እናንተው አስብ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የእህቴ ልጅ በሬን አንኳኳ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መኪናዋ አልነሳ አለችኝ» አለ። ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። የሰፈር ጎረምሶች ተጠርተው በጭቃው ላይ ሚኒባሷን መግፋት ጀመሩ። ያች ሚኒባስ የሦስት ልጆች እንጀራ ናት፤ በዚያ ሰዓት ተሳፋሪው ዣንጥላ ይዞ ተሰልፎ ይጠብቃታል። ባትሪዋ ግን ጭልጥ ብሎ አልቋል። ሰሞኑን ምን እንደተነካባት ብጠይቀው፣ «ምንም ጋሼ፣ አዲስ ቴፕ ብቻ ነው ያስገጠምኩት» አለኝ።

ይህችን «ብቻ» ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

እኔ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ስሠራ ሙዚቃ ማለት ካሴት ነበር። ክሩ ሲጠላለፍ እርሳስ አስገብተን እያዞርን እንጠቀልለዋለን። የ60 ደቂቃው ካሴት ሁለት ገጹ ተደምሮ አሥራ አምስት ዘፈን ቢይዝ ነው። ዛሬ ጣት በማታህል ባለ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ አራት አራት ደቂቃ የሚፈጁ 4,000 ያህል ዘፈኖች ይሰፍራሉ። ቀንና ሌሊት ሳታርፍ ብትዘፍን 11 ቀን ይወስድባታል። ነገሩ አስማት አይደለም፤ የአውድማ ሥራ ነው። ገበሬ የተወቃውን እህል በመንሽ ወደ ላይ ሲበትነው ገለባውን ነፋስ ይወስደዋል፤ ፍሬው ይወርዳል። ኤምፒስሪ የሚባለውም ጆሮ የማይለየውን ድምፅ እንደ ገለባ አስወግዶ የሚሰማውን ያስቀራል። ስሙን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ያወጡለት ጀርመን አገር ያሉት የፍራውንሆፈር ተቋም ተመራማሪዎች ናቸው። ዘፈኑ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ሲበጠር ሲዲ ላይ ከሚይዘው ቦታ አንድ አሥራ አንደኛው ይበቃዋል። ለመኪና ውስጥ ጆሮ ይህ ደህና ነው። 64 እና ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ነፋሱ ከገለባው ጋር ፍሬውንም ይወስዳል፤ የክራሩ ድምፅ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። ስለዚህ መኪናችሁ ውስጥ ድምፅ ሲሻክር ቴፑን ከመርገማችሁ በፊት ዘፈኑ እንዴት እንደተበጠረ ጠይቁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

እንግዲህ ቴፕ ልትገዙ ስትነሱ ገበያውን ሳይሆን መጀመሪያ ቤታችሁን ጠይቁ። እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም ያለው ሰው አልተሳሳተም። ጎረቤትህ ትልቅ ስክሪን አስገጥሞ ይሆናል፤ እሱ ወደ ኋላ ሲነዳ በካሜራ ያይበታል፣ ወይም የሚያባክነው አለው። አንተ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት የምትመላለስ ከሆነ ፍላሽ የሚያነብ፣ ስልክ በብሉቱዝ የሚቀበል፣ ድምፁ በእጅ በሚዞር ጉብ የሚስተካከል ተራ ቴፕ ይበቃሃል። የሚዞረውን ጉብ እጅ ሳያይ ያገኘዋል። ስክሪኑን ግን ዓይን ካልፈለገው ጣት አያገኘውም፤ ዓይን ደግሞ በመንገድ ላይ ሌላ ሥራ አለው። ሲዲ የሚጎርሰውንም ባትሹት ግድ የለም። በኮሮኮንቹ የሚዘለው፣ በአቧራ የሚታመመው የሚሽከረከረው ክፍል ነው፤ ፍላሽ የሚሽከረከር ነገር የለውም።

ቀዳዳውንም ለኩ። ነጠላው ቴፕ ቁመቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ድርቡ 10 ሲሆን የሁለቱም ወርድ 18 ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ያጋጥማል። አንገቱን ሳይለካ ሸሚዝ የገዛ ሰው ወይ ይታነቃል፣ ወይ ይሰፋዋል።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ቴፕ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ያብለጨልጫል፤ መብራቱ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ይላል፤ ከላዩ ላይ «50 ዋት ሲባዛ በ4» የሚል ተጽፎበታል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እዚህ ላይ ነው። አገላብጡትና ጀርባውን እዩ። እዚያ የተሰካችውን ትንሽ ፊውዝ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር ትላለች። የሚሄድ መኪና 14 ቮልት ያህል ይሰጣል እንበል፤ ባለ 10ዋን ብትወስዱ 14ን በ10 ስታባዙ 140 ዋት ነው። ከዚያም ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ታዲያ 200 ዋት ከየት ይመጣል? 140 ብር የያዘ ኪስ 200 ብር አይመነዝርም። እውነተኛው ጉልበት ለእያንዳንዱ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው። እሱም ለሰው ጆሮ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ በፊቱ ቁጥር አትጣሉ፣ በፊቱም ቁጥር አትግዙ፤ ፊት ያወራል፣ ፊውዝ ይመሰክራል።

ስሙም አያታላችሁ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ «ኤምፒፋይቭ» የሚለውን ስም ግን ያወጣው ነጋዴ ነው። በዚህ ስም የሚጠራ የሙዚቃ ፋይል የለም፤ ስክሪን ኖሮት ቪዲዮ የሚያሳይ ቴፕ መሆኑን ለመንገር የተለጠፈ የገበያ ስም ነው። ከስሙ ይልቅ ቴፑ የትኞቹን ፋይሎች እንደሚያነብ ጠይቁ። ኤምፒስሪን ሁሉም ያነባል። ከስልክ የሚመጡት ኤምፎርኤ የተባሉት ግን አንዳንዱን ርካሽ ቴፕ ዝም ያሰኙታል።

ሻጩ በራሱ ፍላሽ ቢያስደምጣችሁ አትርኩ። የሱ ፍላሽ የሱን ቴፕ ያውቃል። የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 64 ጊጋ ከሆነች አብዛኛውን ጊዜ ፎርማቷ ኤክስፋት ነው፤ ብዙ ርካሽ ቴፖች ደግሞ ፋት 32 ካልሆነ አያነቡም። ለዚህ ነው ባለ 16 ወይም ባለ 32 ጊጋ የምትሻለው። በአማርኛ ፊደል ስም የተሰጣቸው ዘፈኖች ካሏችሁ ስክሪኑ ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን፣ አለዚያም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ በቁጥር ሰይሟቸው፣ በፎልደርም ለዩአቸው። ከዚያ ዘፈኑ መሃል ላይ ሲደርስ ቴፑን አጥፉና መልሳችሁ አብሩ። ካቆመበት ከቀጠለ መልካም ነው። ከመጀመሪያው ከጀመረ ግን የአንድ ሰዓት ስብከት ወይም መንዙማ የምታዳምጡ ሰዎች ዕድሜ ልካችሁን መግቢያውን ብቻ ስትሰሙ ትኖራላችሁ። ይህን ሁሉ ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ፈትኑ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሬዲዮውንም አትርሱ። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ቴፕ ኤፍኤሙ ከ76 ይጀምርና በ90 ያበቃል፤ አንዳንዱ እስከ 95 ይዘልቃል። የእኛዎቹ ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው፤ ጣቢያው አየሩ ላይ አለ፣ ቴፑ ግን አይደርስበትም። ዜና የሚወድ ሰው እስከ 108 የሚደርስ መሆኑን ሳያይ ብሩን አይቁጠር።

ጨርሶ አዲስ መግዛትም ግዴታ አይደለም። ኪሳችሁ ከሳሳ፣ የድሮው ቴፕ የጃክ ቀዳዳ ካለው በአንዲት ገመድ ስልካችሁን ታገናኙታላችሁ። ከሌለው ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክታ ዘፈኑን በኤፍኤም ለራሱ ለሬዲዮው የምታስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ አለች። ለጃፓኑ ሬዲዮ በ87.5 እና በ90 መካከል ባዶ ቦታ ፈልጋችሁ ብታስቀምጧት ታገለግላለች። ሌላ ጣቢያ ሲቀርባት ትንሽ ትንጫጫለች እንጂ ዋጋዋ አያስቆጭም። አዲስም ስትገዙ ፍላሽም፣ ጃክም፣ ብሉቱዝም ያለውን ምረጡ። ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነውና፣ የፍላሹ ቀዳዳ ሲላላ ስልኩ ይተካዋል።

አሁን ያስያዝኳችሁን «ብቻ» መልሱልኝ። የእህቴን ልጅ መኪና ሲነጋ ጥላ ሥር አቁመን ቴፑን አወጣነው። ጀርባውን ሳይ ገባኝ። ከቴፑ የሚወጣ ቢጫ ሽቦ አለ፤ ሰዓቱንና የመረጣችሁትን ጣቢያ እንዳይረሳ ሌት ተቀን ከባትሪው ይጠባል፣ የሚጠባው ግን ጠብታ ነው። ቀይ ሽቦ ደግሞ አለ፤ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ቴፑን የሚቀሰቅስ፣ ቁልፍ ሲነቀል የሚያስተኛው። ገጣሚው ቸኩሎ ሁለቱን ጠምዝዞ አንድ ላይ አስሮ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ከባትሪው መስመር ላይ ቀጥሏቸዋል። ልጁ ማታ ድምፁን ቀንሶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ይገባል፤ ቴፑ ግን አልተኛም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠባ ያድራል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ። የመኪናውን የፋብሪካ ሶኬትም በጉጠት ቆርጦታል። መሃል ላይ የምትሰካ አገናኝ ሶኬት ገበያ ላይ አለች፤ እሷን ቢገዛ ኖሮ አንድም ሽቦ ባልተቆረጠ ነበር። ልጁ ሶኬቷን ባለመግዛት የቆጠበውን ብር ባትሪው ወሰደበት፤ የአንድ ቀን ገቢውንም ጨምሮ።

የጭነት መኪና ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብዙዎቹ ከባድ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ተራው ቴፕ 12 ቮልት ነው። መቀነሻ ሳይኖር በቀጥታ ከተቀጠለ የመጀመሪያው ዘፈን ሳያልቅ ይጨሳል። ይህም የተጻፈው ከፊት ሳይሆን ከጀርባው ነው።

ከቴፑ ወጥተን ወደ ጆሯችን እንምጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ አባቶች። ሾፌር ቀኑን ሙሉ ከጩኸት ጋር ሲውል ጆሮው ይደነዝዝና፣ ትናንት 15 ላይ የበቃው ድምፅ ዛሬ 20 ካልደረሰ አይሰማውም። ተሳፋሪዋ እናት ሕፃኗን አቅፋ ጆሮውን ስትሸፍን እሱ አያይም። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይሰማ ይላል፤ 90 ሲደርስ ግን የሚፈቅደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። የሚኒባስ ሾፌር 4 ሰዓቱን የሚጨርሰው ሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ደግሞስ መኪና በድምፁ ይናገራል። ፍሬን ሲፋቅ፣ ቺንጊያ ሲላላ፣ አምቡላንስ ከኋላ ሲመጣ አስቀድሞ የሚያውቀው ጆሮ ነው። ጆሮውን ለስፒከር የሸጠ ሾፌር ሌላ ምን ይቀረዋል?

የመጨረሻው ምክሬ ይኸው። ዘፈኑም ጀርባ አለው። ፍላሽ ለጥቂት ብር የሚሞላበት ሱቅ ሺህ ዘፈን ይሰጣችኋል፤ ከዚያ ብር ለድምፃዊው፣ ለግጥም ደራሲው፣ ለመሰንቆ መቺው አንድ ሳንቲም አይደርስም። አገራችን በ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ን ያወጣችው ለእነሱ ነው። ሕግ በየመኪናው ገብቶ ፍላሽ አይፈትሽም፤ ሕሊና ግን ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ አብሮ ይጓዛል። ከሺህ የተሰረቀ ዘፈን፣ የተገዛ አንድ አልበም ቢደጋገም ይሻላል። በእኛ ጊዜ አንዱን ካሴት እስኪያልቅ እንሰማው ነበር፤ ግጥሙም እስከ ዛሬ ከአፋችን አልጠፋም።

ያን ቀን ቀዩን ከቢጫው ለይተን፣ ቀዩን ከቁልፉ መስመር ላይ ቀጠልነው። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አላለፈም። በማግስቱ በዚያው በ11 ሰዓት ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ላይ ቆምኩ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ብቻ አጉረምርሞ ተነሳ። ልጁ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳኝና ወጣ። ከበሩ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጆሮዬን አቅንቼ ተከተልኩት፤ የሞተሩን ድምፅ እንጂ የቴፑን አልሰማሁም።