ሦስት ነጥብ ይበቃል?

ኤክስ 0፣ 1፣ 2 ሲሆን ዋይ 0፣ 1፣ 4 ነው እንበል። ሃይስኩል የተማረ ሁሉ «ኤክስ ስኩዌር ነዋ!» ብሎ ፓራቦላውን ይስላል፤ 3 ላይ 9 ይጠብቃል። ግን ኤክስ ኪዩብ ማይነስ 2 ኤክስ ስኩዌር ፕላስ 2 ኤክስም በእነዚሁ ነጥቦች ያልፋል፤ 3 ላይ ሲደርስ 15 ነው። እንዲህ ያሉ ፖሊኖሚያሎች ማለቂያ የላቸውም። መልሱን አንድ የሚያደርገው «ዲግሪው ከ2 አይበልጥም» የሚል መረጃ ሲጨመር ነው።

ሰው ላይ ስንፈርድስ? አንዴ አረፈደ፣ አንዴ ዋሸ፣ አንዴ ስልክ አላነሳም። ሦስት ነጥብ። «እሱ እንደዚህ ነው» ብለን ቀሪ ዕድሜውን እናሰምርለታለን። ያየነው እውነት ነው፤ ዲግሪውን ግን ማን ነገረን? አብሮ ለመኖር መገመት ግድ ነው። ብቻ ግምታችንን በእርሳስ እንሳለው፤ አራተኛው ነጥብ ሲመጣ መላጥ አለበት።