የሚሰበረውን እያወቀ የሠራ በደለኛ ነውን?

ባለፈው ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ በውይይት ጊዜያችን የተነሣውን ጥያቄ በዚህ ጽሑፍ ልናቀርብላችሁ ወደድን። ጥያቄው ከመጻሕፍት የወጣ አይደለም። ያመጣው በአንድ ጋራዥ ሙያ የሚማር ወንድማችን ነው፤ ያመጣውም በወረቀት ጠቅልሎ ነበር። ሲፈታው ከተጣለ ራዲያተር ላይ የተነሣ ጥቁር የፕላስቲክ ስባሪ ወጣ። በሁለት ጣቱ ጫን ቢለው እንደ ደረቅ ቂጣ ተፈረፈረ። «መኪና የሚጓዘው በዚህ ነው» አለን።

ታሪኩም እንዲህ ነው። አንድ የሚኒባስ ባለቤት የራዲያተሩ የላይኛው የውሃ መያዣ ተሰንጥቆበት ወደ ጋራዡ ይመጣል። በማግስቱ ሰው ጭኖ ወደ ደጀን ይሄዳል። የጋራዡ ጌታ ወንድማችንን ጠርቶ ስንጥቁን አጽዳ፣ በማጣበቂያ ሙላ፣ ጥቁር ቀለም ቀባውና ስጠው ይለዋል። «ቢጠይቀኝስ ጋሼ?» ቢል፣ «ተሠርቷል በለው» የሚል መልስ አገኘ። እንግዲህ ወንድማችን የጠየቀን ይህን ነው፤ «ተሠርቷል» ማለት ሐሰት ነውን?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ አስቀድመን የዕቃውን ጠባይ እንመልከት። በቀድሞ ዘመን ራዲያተር ከመዳብና ከነሐስ ይሠራ ስለነበር ሲቀደድ ይበየዳል፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ያገለግላል። በዛሬዎቹ መኪናዎች ግን መካከሉ አሉሚኒየም ሲሆን ውሃውን የሚይዙት ሁለቱ ጫፎች የብርጭቆ ክር የተቀላቀለበት ናይለን ናቸው። ሁለቱ በጎማ ማኅተም ይገናኙና የአሉሚኒየሙ ጠርዝ ተቆልምሞ ያያይዛቸዋል። ናይለኑ በየቀኑ ሲግልና ሲበርድ ከርሞ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። አይበየድም። ማጣበቂያም ቢይዘው ለጊዜው ነው።

ይህ በአገራችን ከፍታ ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአዲስ አበባ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር ውሃም በሥራ ላይ ሳለ ሙቀቱ ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ቶሎ የማይፈላው ራዲያተሩ ታፍኖ ግፊት ስለሚይዝ ብቻ ነው። ስንጥቁ ሲከፈት ግፊቱ ይወጣል፤ ውሃው ወዲያው ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። የደጀን መንገድ ደግሞ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል የሚያወጣ ነው። ስለዚህ ወንድማችን በማጣበቂያ እንዲሞላ የታዘዘው ስንጥቅ የጥቂት ብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

ራዲያተሩን አነሣን እንጂ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ የየራሱ ምሬት አለው። የመስኮቱን ገመድ የምትመራ የጥፍር ያህል ነጭ ፕላስቲክ አለች፤ እርሷ ስትሰበር መስታወቱ በሩ ውስጥ ይወድቃል። ለብቻዋ አትሸጥም፤ ሙሉውን ግዙ ይባላል። የበሩን ልባስ የሚይዙት መቆለፊያዎችም ያን ለመጠገን ሲነቀሉ ይሰበራሉ፤ አንዱን ለማዳን ሌላው ይሞታል ማለት ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ከተፈታ መኪና ላይ ያገለገለውን የሚገዛም አለ፤ ነገር ግን ያም ፕላስቲክ በዚያው ፀሐይ ያረጀ የተሰበረው እኩያ ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ማቆየት ግድ ሆኗል። (ይህን ጽሑፍ የምናባዛበት መኪና ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል፤ እጀታው ብረት ነው፤ ቀለሙ ያስቸግረን እንጂ እጀታው አንድ ቀን አላስቸገረንም።)

በውይይቱ ከመካከላችን አንዳንዶች ወዲያው ፈረዱ። ፕላስቲክ የስግብግቦች ፈጠራ ነው አሉ። ይህ ግን ትክክል አይመስለንም። ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ ቀላል መኪና ነዳጅ ይቆጥባል። አይዝግም። በምሥራቅ ጀርመን ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረው ትራባንት የተባለው መኪና የውጭ አካሉ ከጥጥ ተረፈ ምርትና ከሙጫ የተጋገረ ነበር፤ ብዙዎች የቀለዱበት ያ አካል ግን ዝገት አላወቀም። ስለዚህ በደል ካለ በዕቃው ሳይሆን በሠሪው አሳብ ውስጥ ልንፈልገው ይገባናል።

አሳቡ የታወቀበት ጊዜም አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. ታላላቅ የአምፖል ፋብሪካዎች በጄኔቭ ተሰብስበው አምፖል ከ1,000 ሰዓት አብልጦ እንዳይበራ ተስማሙ፤ ዕድሜው የረዘመ አምፖል የሠራ አባልም መቀጫ ይከፍል ነበር። በ1932 ደግሞ በርናርድ ለንደን የተባለ አሜሪካዊ የቤትና የመሬት ደላላ መንግሥት ለዕቃ ሁሉ የዕድሜ ገደብ እንዲወስን የሚመክር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሥራ ላጡት ሥራ ይገኝላቸው ዘንድ ነበር የፈለገው። ፈረንሳይ ግን በ2015 የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን በእሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጋ ደነገገች።

ከዚህ በኋላ አንዲት እኅታችን በኦሪት ዘጸአት ያለውን የተዋጊ በሬ ሕግ አስታወሰችን። በሬው ድንገት ሰው ቢወጋ ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ግን ደሙ በእርሱ ላይ ነው። በሬው ያው በሬ ነው፤ ልዩነቱ ማወቅ ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው፣ ቀጭን ዕቃ ሠርቶ ቀጭን መሆኑን የተናገረ ሰው ርካሽ ሸጠ እንጂ አልበደለም። እያወቀ ዝም ያለ ግን በደለ። ጥቁሩ ቀለምም ዝምታ ነው። «ተሠርቷል» የሚለው ቃል በራሱ ሐሰት ባይሆንም፣ ሰሚው ከሚገባው በላይ እንዲያምን ታስቦ ከተነገረ ሐሰት ነው አልን። በዚህ ሁላችን ተስማማን፤ ወንድማችንም ሳይናገር ላይሰጥ ቃል ገብቶ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ ግን ፊቱ ደስተኛ አልነበረም። የተስማማነውን አድርጓል። ባለመኪናውን ለብቻው ጠርቶ፣ «አባባ፣ ይህ በማጣበቂያ ነው የተያዘው፤ ዳገቱን ላይችል ይችላል» ብሎ ነግሮታል። ሰውዬው ግን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ተባረክ ልጄ፤ አዲስ ለመግዣ አሁን እጄ ባዶ ነው። ደጀን ካደረሰኝ ይበቃኛል» አለው። ገንዘቡን ከፍሎም ሄደ።

እኛ እንግዲህ ያቆምነው ሚዛን እዚህ ላይ ተናጋብን። ማወቅ ከጌታው ወደ ወንድማችን፣ ከወንድማችን ወደ ባለመኪናው ተሻገረ፤ ከዚያ ግን አላለፈም። በማግስቱ በመናኸሪያ ወንበር ይዘው የተቀመጡትን ማንም አልነገራቸውም። ከመካከላችን አንዱ «ተሳፋሪ ስለ ራዲያተር ምን ያውቃል?» አለ። ሌላው «ስለማያውቅ አይደለም ወይ ያመነው?» ብሎ መለሰለት። ወንድማችን ወደ መናኸሪያው ሄዶ በመስኮት መናገር ነበረበት ያለችም አለች። እንዲህ ቢያደርግ ሥራውን ያጣል፤ እናቱን የሚረዳው ደግሞ በዚያው ሥራ ነው። ይህን ስንሰማ ማንም ደፍሮ ሂድ ሊለው አልቻለም። ድኻ የሆነ ባለመኪና፣ ድኻ የሆነ ሠራተኛ፣ ድኾች ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ናይለኑን ያቀጠነው ሰው በጉባኤያችን የለም።

ሚኒባሱ ደጀን ደርሶ በደኅና ተመልሷል። የጋራዡ ጌታ ወንድማችንን «አየህ?» ብሎታል። ወንድማችንም መልስ አላገኘም፤ እኛም ልንሰጠው አልቻልንም። ባለመኪናው አዲሱን ራዲያተር እስካሁን አልገዛም፤ መኪናው በዚያው ማጣበቂያ ሰው ይጭናል።