የመንገድ ሐቅ

አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩ በርካታ መንገዶች ላይ ለእግረኛው ሰፊ መሄጃ፣ ለብስክሌተኛውም የራሱ መስመር ተለይቷል። (ለዚሁ ሲባል ቤታቸው የፈረሰባቸው ወገኖች ሐቅ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።) ባለ መኪናው ግን «አስፋልቱ ጠበበብኝ» ይላል። ለመሆኑ መንገድ የማን ነው?

ሰዎች በመንገድ ስፋት ሲከራከሩ ሰባት ክንድ እንዲደረግ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መወሰናቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለማዎች እንዳብራሩት ምክንያቱ ጭነት የያዘ ሁሉ ሲወጣና ሲገባ እንዳይቸገር ነው። ልኩ የወጣው እንግዲህ በጉልበተኛው ፍላጎት ሳይሆን በመንገደኛው ችግር ነው።

ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑንም እናውቃለን። ነገር ግን ጎጂ ሲባል እሾህና ድንጋይ ብቻ ይመስለናል። ጁምዓ ቀን በመስጂዳችን ደጃፍ የእግረኛ መሄጃው ላይ የሚቆመው መኪናስ? ባለቤቱ የመጀመሪያው ሶፍ እንዳያመልጠው የቸኮለ ወንድማችን ነው፤ ኒያው መልካም ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሶፍ ሱና ሲሆን ሰውን ማስቸገር ሐራም ነው። እርሱ ውስጥ ገብቶ ሱናውን ሲሰግድ አንድ ምርኩዝ የያዙ አባት መኪናውን ለመዞር ወደ አስፋልቱ ይወርዳሉ፤ ከኋላቸው ሚኒባሱ ጡሩምባውን ያንባርቅባቸዋል። እርሳቸውም የሚሄዱት ወደዚያው ጁምዓ ነው።